ከአልጋህ በላይ የቀረው ቆርቆሮ

ቱሉ፣

የአባታችንን ቤት ለጭነት መኪናህ ብድር አስይዘህ በላኸው። ሰኞ የባንኩ ሰዎች ሊረከቡት ይመጣሉ፤ ባዶ ግድግዳ ይረከቡ! በሮቹን፣ መስኮቶቹንና የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅዬ ካራ ወደተከራየሁት ቤት ወስጃለሁ። ውሻውንም ይዤዋለሁ።
አንተ ግን እንዳትመጣ።

ክፍልህን አልከፈትኩም። «እህቴም ብትሆኚ እንዳትገቢ» ብለኸኝ የለ? እንደቆለፍከው ነው።

ጣሪያው ሲነሳ ግን ከላይ ሆኜ አየሁ፤ የባንኩ ደብዳቤዎች ጠረጴዛህ ላይ ተከምረዋል። እኔ ሞኟ «አንድ ቀን እንኳ አላስጠነቀቁንም» እያልኩ ለቀበና ሰው ሁሉ ስምል ከረምኩ።

ከአልጋህ በላይ አንድ ቆርቆሮ ቀርቷል። ዝናቡ እንዳይመታህ አዝኜልህ እንዳይመስልህ፤ አራቱም ሚስማሮች እምቢ ብለውኝ ነው።

ሎሚ