ኤልሜር ቀድሞ የፈታው ዱላ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለኖርቤርቶ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ዶሃ በዚህ ወር ቀዝቀዝ ይላል ብለኸን ነበር፤ እንቅልፉስ ተመቸህ? እኛ ከአባባ ጉልበት በቀር ደኅና ነን።

ታናሽ ወንድማችን ኤልሜር በፑል ውድድሩ ለፍጻሜ እንዳላለፈ ሰምተሃል። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ስማው፤ ማኒላ የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። «ፍጻሜ ከደረሰ ፑሉን ይቀጥል፤ ከተሸነፈ ትኬት ልኬለት እኔ ዘንድ ይሠራል» ያልከው ቃል ስላለ ነገሩን በትክክል ማወቅ ይገባሃል።

በግማሽ ፍጻሜው ከቬትናሙ ቱአን ጋር እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ቱአን ሌሎቹን ኳሶች ጨርሶ ማሸነፊያዋ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ቀረችው፤ እሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ነበረች። የአባባን ፑል ቤት ልማድ ታውቃለህ፤ ለተጋጣሚህ ቀላል ኳስ ሲቀረው መምቻ ዱላህን ለሁለት ፈትተህ ትቀመጣለህ፤ እስኪስት ማድፈጥ ነውር ነው። ኤልሜርም ፈታ። ቱአን መታ፤ ሳተ! ሰዉ «ተነስ እንጂ አንተ!» እያለ ጮኸ። ኤልሜር ዱላውን መልሶ ሲገጣጥም ዳኛው አስቆመው። ለካ በውድድሩ ሕግ በመጨረሻው ጨዋታ ዱላ መፍታት እጅ መስጠት ነው። ቱአን ራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን ጋሽ ኢስቶይ በር ላይ ጠበቁን። «ና እስቲ ጨዋው! ወርቁን ለሰው መርቀህ ነሐስ ይዘህ መጣህ?» አሉት። ኤልሜርም «ለእርስዎማ ፈትቼ አላውቅም፤ ቀላሉንም ይስታሉ» አላቸው። ሳቅን።

ከዚያ ግን ሻንጣውን አውርዶ ልብሱን ይከት ጀመር። «ቃል ቃል ነው፤ ተሸንፌያለሁ» ይላል። አባባ ይህን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ። «ለወንድምሽ ጻፊለት። ዱላ መፍታትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ትኬቱን በእኔ ስም ይቁረጥ» አሉኝ። እየቀለዱ አይደለም። ፓስፖርት የት እንደሚወጣ ሁሉ ጠይቀዋል።

እንግዲህ ሰባ ዓመት ላለፈው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ዶሃ ላይ ምን ሥራ እንደምታገኝለት አስበህ ጻፍልን።

እማማ «ልጄ ይብላ» እያለች የደረቀ ዓሣ አዘጋጅታልሃለች። ጋሽ ኢስቶይ ስትመጣ አንድ ጨዋታ ይጠብቅሃል ብለዋል። ኤልሜር ግማሽ ከሞላው ሻንጣው አጠገብ ሆኖ እጅ ይነሳሃል። አባባ ሰላምታቸውን ትኬቱ ሲደርሳቸው ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

እህትህ ሊጋያ
ዱማጌቴ፣ ዲሴምበር 12