ለአባትሽ ድምፅ የገጠምናቸው ባትሪዎች

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምሕረት
ድሬዳዋ

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ ለመዱሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። ለደብዳቤዎቼ መልስ አልጻፍሽም። አልተቀየምኩሽም። መስከረም ላይ ከሻንቶ ገበያ ሳትሰናበቺኝ ሚኒባስ ተሳፍረሽ የሄድሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አባትሽ ሰኔ ላይ ካረፈ ወዲህም በዓይን ሕክምናው ተጎታች ካራቫን ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ ዓይን የሚወጋውን ሽፋሽፍት በቀዶ ጥገና አቃናለሁ፤ ውጭ ደግሞ እንደ ድሮው የአባትሽ የሚልክያስ ድምፅ በካሴት ሰው ይጠራል። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ይቀረጽ ብሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ የለመደው ድምፅ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ግን ለሕዝቡ ብቻ ብዬ አልነበረም።

አንቺ ያን ቀን የሰማሽውን ልንገርሽ። ለመብራቱም ለድምፅ ማጉያውም የነበረን አንድ አሮጌ ባትሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲደክም መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቴፑም ዝግ ይላል፤ የአባትሽ ድምፅ ይወፍርና ይጎተታል። «ዓይናችሁን የሚያማችሁ ኑ» የሚለው ሰውዬ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ውሃ ስጡኝ ለማለት ሲታገል የነበረውን ይሆናል። አንቺ አንዴ ሰምተሽው ሄድሽ። እኔ በየገበያው ቀን እሰማው ነበር።

ጥቅምት ላይ ቢጠና ገበያ ነበርን። ሳህሊቱ የሚባሉ አሮጊት አስተኝቼ፣ አንዱን ዓይናቸውን ጨርሼ ሁለተኛውን እየሰፋሁ ሳለ ድምፁ መጎተት ጀመረ። አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ የሚጠራን ሰው ታሟል» አሉኝ በወላይትኛ።

«ካሴት ነው እናቴ። አይንቀሳቀሱብኝ።»

«ታሟል እልሻለሁ። እኔን ተዪኝና ሂጂ እሱን እዪው።»

መርፌው የዓይን ቆባቸው ላይ እንዳለ ሊነሱ ቃጣቸው። ትከሻቸውን ተጭኜ፣ ሹፌራችን ጦና በእጅ ባትሪ እያበራልኝ፣ እንደምንም ጨረስኩ። ቴፑን አጥፋው አላልኩትም፤ ጦናም ሊነካው አልደፈረም። ውጭ አጉረምርሞ፣ አጉረምርሞ፣ በራሱ ጊዜ ዝም አለ።

በነጋታው ቡርሃን ጋ ሄድኩ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ የአባትሽን ወዳጅ ታስታውሺዋለሽ። ካራቫኑን አሳየሁትና ባትሪ ጨምርልኝ አልኩት።

«የት እናስቀምጠው?» አለኝ።

«ከአግዳሚው ሥር ባዶ ነው።»

አባትሽ ሲደክመው ይጋደምበት የነበረው አግዳሚ ነው። ቡርሃን ጎንበስ ብሎ አየና አልወደደውም።

«ሲስተር፣ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። አንቺ ደግሞ እዚሁ ምድጃ ለኩሰሽ መሣሪያ ትቀቅያለሽ። ከአንቺ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አላሳድራቸውም። ውጭ ቤት እሠራላቸዋለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ካራቫኑ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ ከላሜራ ሣጥን በየደ፤ ታቹን ጎማ አነጠፈበት፣ ጎኑን ለአየር በሳሳው፣ ክዳኑን ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች አጠፈው። አሮጌው አዲሶቹን ያደክማቸዋል ብሎ አውጥቶት ሁለት አዲስ አስገባ፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አያያዘና እንዳይንቀሳቀሱ በብረት ጠፈራቸው። መኪናው ሲሄድ እየሞሉ ይሄዳሉ አለኝ።

ለሙከራ ካሴቱን ከፈትነው። ልጄ፣ አባትሽ ነበር። ደህና ሳለ፣ ጓዳ ውስጥ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ አንቺ ማይክ ይዘሽለት የቀረጽነው ድምፁ። መጀመሪያው ላይ ሳቅሽ እንኳ አለበት፤ ሲጎተት ጠፍቶ ነበር። ቡርሃን መፍቻውን እንደያዘ አንድ የመኪና ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ነፍሱን ይማረው» አለ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ድሮ ዝም የሚያሰኘው የባትሪው መድከም ነበር። እነዚህ አይደክሙም። ካሴቱ ያልቃል፣ ራሱ ይገለበጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ማጥፋት ያለብኝ እኔ ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት ቢጠና ገበያው ከተበተነ በኋላ ጦና «ሲስተር፣ ላጥፋው?» አለኝ። እኔ አጠፋዋለሁ ብዬ ገባሁ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ወጣሁና ጋቢና ገብቼ «ንዳ» አልኩት። ጦና አየኝ፤ ነዳ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እኛ ወደ ሶዶ እንሄዳለን፣ አባትሽ ከኋላችን ይጠራል። ሰው ከየቤቱ ወጣ። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው መንገድ ዳር ቆሙ። እሱ ኑ ይላቸዋል፣ እኛ እናልፋቸዋለን። አንዲት ሴት እናቷን በእጇ እየጎተተች ሮጠች።

«ሲስተር፣ ሴትዮዋ እየተከተለችን ነው» አለ ጦና።

አስቆምኩት። ወርጄ አጠፋሁት። ሴትየዋ እያለከለከች ደረሰች፤ እናትየው ዓይናቸውን በነጠላ ይዘዋል።

«የዛሬው አልቋል እህቴ፤ በሚቀጥለው ገበያ ኑ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ይጠራናል?» አለችኝ።

ካራቫኑን ከፍቼ መብራቱን አበራሁና እናቷን አስገባሁ። አዲሱ መብራት እስክጨርስ አልደበዘዘም። ውጭ ጭር ብሎ ነበር።

ሰኞ ጦና ይቀረጻል፤ ድምፁ ጥሩ ነው። የአባትሽን ካሴት ላንቺ ልልከው ፖስታ ቤት ድረስ ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ልትመዝነው እጇን ስትዘረጋ ይዤው ተመለስኩ። ለገና ነይና ራስሽ ከእጄ ውሰጂው።

የአባትሽ አምላክ በምትወጪበት በምትገቢበት ይቅደምልሽ። በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ውሃ በደንብ ጠጪ።

እናትሽ
አስናቀች