ባለቤቱ ቀርቦ እስኪፈርም ስለታገደው ሶፍትዌር

ይድረስ ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ወንበርዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው፤ እርስዎ ቢታመሙ ሥራው አይጓደልም፣ ወንበሩ ቢታመም ግን የት ይቀመጣሉ ብዬ ስለምሰጋ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ኮምፒውተርን ያስተማረኝ የለም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ለመድኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎችን የማሰባስበው እኔ ነበርኩ። “ነበርኩ” እንድል ላደረጉኝ ለእርስዎ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በክፍላችን በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ መነጽሬን ጠርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ባለቤት እንደሌለው ስለተደረሰበት፣ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ የኃላፊነት ፊርማውን እስኪያኖር ድረስ ስብሰባው መታገዱን ይገልጻል። ክፍት ምንጭ ማለት አሠራሩ ለሁሉም ተገልጦ የተቀመጠ፣ የፈለገ የሚጠቀምበት፣ የቻለ የሚያርመው ፕሮግራም መሆኑን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አስረድቼዎት ነበር። ሠሪዎቹ በየአገሩ የተበተኑ እልፍ ሰዎች ናቸው ብልዎት፣ እንግዲያው ተወካይ ይላኩ አሉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ባለቤቱን ፈልጎ ስላጣ በሩን የሚቆልፍ ሰው ግን በእርስዎ አየሁ። ማስታወቂያውን የጻፉበት ፊደልም ባለቤቱ ቀርቦ እንደፈረመልዎ እስካሁን አልሰማሁም።

ሁለተኛ፤ ከቤቴ ያመጣሁት ባለረጅም ገመድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ክፍሉ ውስጥ ስለተገኘ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆኗል። እንዲመለስልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም፣ ታትሞ ይምጣ ተባልኩ። የቢሮዎ ማተሚያ የሚሠራው ደግሞ በእኔው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ነው። ስለጠቀመዎ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያንስ ይቅርታ አልጠይቅም። ታናሽ እህቴ ዕድሜ ልኳን መምህርት ነበረች፤ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ እንደናፈቃት ትኖራለች። በእነዚያ ቅዳሜዎች ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንንላት። አማርኛው መጀመሪያ ላይ ምላሱ የተሳሰረ ነበር። እሷ ጆሮዋን አቅንታ እያዳመጠች፣ “ይሄ አማርኛ አይደለም፣ እንደገና” ስትል፣ ኮድ መጻፍ የሚችሉት አባሎቻችን ቃል በቃል ያርሙላት ነበር። ሥራው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆለፉብን፤ ሁላችንን የሚይዝ ሌላ ክፍልም የለንም። ፕሮግራሙ ዛሬ አንድ ገጽ ሳይጨርስ ይንተባተባል፤ እህቴም ላፕቶፗን ከድና ከግድግዳ ጋር ተፋጥጣለች። ይህንን ስነግርዎ፣ በዚህ ዕድሜዋ ጸሎት ይሻላታል አሉኝ። መልእክትዎን አድርሻለሁ። ጸሎቱንም ጀምራለች፤ ስለማን እንደምትጸልይ ግን አልነገረችኝም።

በተረፈ ባዶ ወንበሮቹን ከሚቀመጥባቸው ሰው ስለታደጉ፣ የምድር ቤቱንም አቧራ ሳይነካ ስላቆዩልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሚሄዱበት በር ሁሉ እርስዎ ለእኛ እንደከፈቱልን ይከፈትልዎ።

ከማይታጠፍ አክብሮት ጋር፣
ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ፣
የባለቤት አልባው ስብስብ አስተባባሪ

ከፊርማዬ በኋላ፦ በመጪው ቅዳሜ በተለመደው ሰዓት ከቢሮዎ መስኮት ሥር ባለው ደረጃ ላይ እንሰበሰባለን፤ ደረጃው የሕዝብ ነው፣ ባትሪያችንም ሙሉ ነው። አነባበቡን እየሞከርን የምናርምበት ጽሑፍ ስላስፈለገን ይህንኑ ደብዳቤ መርጠናል። ድምፅ ማጉያ አለን፤ ፕሮግራሙ አይደክመውም፤ እህቴ “በቃ፣ አሁን አማርኛ ሆነ” እስክትል ድረስ ከሰላምታው እየጀመረ ያነብልዎታል። እሷ ደግሞ በቀላሉ የምትረካ መምህርት አልነበረችም።