አሥር ቤት የቆጠርክላቸው ሴት

ለጌታሁን፣ ለቤቴ አባወራ፤

ከተለየኸን ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከአራት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። ሚኒሶታ፣ ኢገን ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው። መኪናህን ልጅህ ናሆም ይነዳታል፤ ወንበሩን ወደኋላ ስላሸሸው ግን እኔ ስገባባት እግሬ ፍሬን አይደርስም። ያንተ ቁመት ለእኔም ይስማማኝ ነበር። ዛሬ ልጽፍልህ የተቀመጥኩት ስለ እማማ ኤለን የምነግርህ ስላለኝ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ በእሳቸው እቀና ነበር። በዘጠና ዓመት አሮጊት የሚቀና ሰው ካለ እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሮዝቪል እሳቸው ቤት ትውላለህ፤ ታበላቸዋለህ፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለህ፣ እግራቸው እንዳይተሳሰር እያነሳህ እያወረድክ ታሠራቸዋለህ። ሆም ኬር ነህና ይሄ ሥራህ ነው። ኦፍ በሆንክበት ቀን ላይብረሪ ገብተህ የእሳቸውን ቅድመ አያቶች ስትፈልግ መዋልህ ነው ያልገባኝ።

ነገሩ የተጀመረው ስለ ቤተሰብህ በጠየቁህ ቀን ነው። አንተ ሰባት ቤት ቆጠርክላቸው። እሳቸው ከአያታቸው ከሳሙኤል ሃርሎ አላለፉም። የሚያውቁት፣ የሃርሎ ሰዎች አገሩ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለ በመርከብ መጥተው ማሳቹሴትስ እንደሰፈሩ ብቻ ነው። ያን ቀን ጫማህን ሳታወልቅ «ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው አያታቸው ላይ ያቆማሉ! ማንም አልነገራቸውም!» ብለህ ያዘንከው፣ ዘመድ የሞተብህ ያህል ነበር።

ስህተትህን ደግሞ ረስቼልሃለሁ ብለህ እንዳታስብ። እኛ እዚህ ስንመጣ ያባታችን ስም ላስት ኔም፣ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ እንደቀረ፣ እነሱም ሚኒሶታ ሲገቡ እንደዚያው ሆኖባቸው ነው አልክ። ስለዚህ የሳሙኤል አባት ሃርሎ የሚባል ሰው መሆን አለበት። አንድ ወር ሙሉ ፈለግከው። ጉድ እኮ ነው፣ ሃርሎ የተባለ ሰው አገኘህም! የማያውቁትን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ለእማማ ኤለን አስረከብክ፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። ናሆም እራት ላይ ሰምቶ «ዳድ፣ ኖ! እነሱ እኮ ድሮም ሃርሎ ናቸው፣ ሁሉም!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። አንተ አልሳቅክም። በማግሥቱ በዚያ በረዶ ሮዝቪል ድረስ ነድተህ «የሰው አባት ሰጥቼዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» አልካቸው። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። ማን ይጠይቃል? ቅናቴ የቀነሰው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ተሳካልህ። ሰባት ብለህ ጀምረህ አሥር ላይ ደረስክ፤ ሁሉንም በሰማያዊው ደብተር በአማርኛ ጻፍከው፣ ጎን ለጎን ደግሞ በእንግሊዝኛ። የሃርሎ ሰዎች ሚኒሶታ ሲመጡ ያረሱት መሬት የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳኮታ ሰዎች እንደነበረና ባለቤቶቹ እንደተባረሩ ስታነብ አልዘለልከውም። እማማ ኤለንን ጠይቀህ፣ ይጻፍ ስላሉህ ጻፍከው። የቀረህ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በመርከብ የመጣው የቶማስ ሃርሎ ሚስት መዝገቡ ላይ «ሚስቱ» ከመባል በቀር ስም የላትም። «አባት የሌላት ይመስል!» ብለህ ተናደድክ። «እናት፦» ብለህ ቦታውን ክፍት ተውከው፤ እማማ ኤለን በሕይወት እያሉ እሞላዋለሁ ብለህም ቃል ገባህላቸው። ቀድመሃቸው ሄድክ።

የአርባህ ዕለት ናሆም «ማሚ፣ የእኛስ ሰባት እነማን ናቸው?» አለኝ። ከአያትህ ከደምሴ በላይ አላውቅም። አገር ቤት ደወልኩ፤ የአክስትህ ልጆች አራተኛው ላይ ተጣሉ። የሚያስታርቃቸው ታላቅ ወንድምህም በሕይወት የለም። ደብተርህን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩ፤ ሁሉም ሃርሎ! ጌታሁን፣ ያን ቀን አዘንኩብህ። የሰው አሥር ቤት ጽፈህ የልጅህን ሰባት ቤት በጭንቅላትህ ይዘህ ተቀበርክ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ ለብዙ ጊዜም አልነካሁትም።

እማማ ኤለን የመጨረሻ ቀናቸውን ሊያሳልፉ ሆስፒስ ገቡ ሲሉኝ ግን ያንተ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ያገኘኋት ካንተ የበለጠ አውቄ አይደለም፤ አንተው የነገርከኝን አስታውሼ ነው። አባትህ በርስት ሙግት ዳኛ ፊት ቆመው፣ በእናታቸው በኩል ቆጥረው መሬት እንደረቱ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! ታዲያ ይህቺን ሴት ለምን በባሏ እንፈልጋታለን? አባቷ ሲናዘዝ የሰጣት ነገር ይኖራል ብዬ ከናሆም ጋር የዚያን አካባቢ የድሮ ኑዛዜዎች በኢንተርኔት ማየት ጀመርን። እሱ ያነባል፣ እኔ እነዘንዘዋለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ «ለልጄ ለሐና፣ ለቶማስ ሃርሎ ሚስት፣ አንዲት ላምና አንድ አልጋ» የሚል አገኘን። አባቷ ኢዮስያስ ይባላል። ክፍት የተውከው ቦታ ላይ በእኛ ወግ «ሐና ኢዮስያስ» ብዬ ሞላሁት። የእኔ ጽሑፍ ካንተ ጽሑፍ አጠገብ ሲታይ ያስቀናል፤ ቆንጆ ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሰድንላቸው። በጣም ከስተዋል። ናሆም ከእሳቸው ጀምሮ ወደላይ አነበበላቸው፤ ሐና ላይ ሲደርስ ሁለቴ አስደገሙት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አሁን ደግሞ የጌታሁንን ልቁጠር አሉ። ደክሟቸው የሚቃዡ ነው የመሰለኝ።

«ጌታሁን፣ መኩሪያ፣ ደምሴ፣ ወልዴ…» አሉ በዚያ በሚኮላተፍ አነጋገራቸው፤ ጎሹ፣ ሣህሉ፣ እንግዳ ብለው ጨረሱ። አንድ ስም በጠሩ ቁጥር እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ከፍ ይላል። ለካ እግራቸውን ስታሠራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አትልም ነበር፤ በአባቶችህ ስም ነበር የምትቆጥረው! አራት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ናሆም ወዲያው ሊቀዳቸው ስልኩን አውጥቶ እንዲደግሙለት ለመናቸው። ደገሙለት፣ እግራቸውም አብሮ ተነሳ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፤ ስለተቆጣሁህም ይቅርታ ጠየቅሁህ።

ናሆም ሙት ዓመትህ ዕለት በሰው ፊት ሊቆጥር ነው። ትናንት ዕቃ እያጠበ ሲለማመድ ሰማሁት። «ናሆም» አለና ቀጥሎ «ጌታሁን» አለ። አንተ ስትቆጥር እንጂ እንደ አባት ስትቆጠር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የእኔ ጉልበት እንደምታውቀው ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ እግርሽን አንሺ ብሎኛል። ዛሬ ባንተ ጀምሬ እንግዳ ላይ ጨረስኩ፣ ከዚያ እንደገና ባንተ ጀመርኩ። እግሬ እስከተነሳ ድረስ የመጀመሪያው አንተ ነህ።

ባለቤትህ አስቴር