እትዬ ነጥብ ማረፋቸውንና ማኅበሩ መዘግየቱን ስለማሳወቅ

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር፣ ሁላችንም «እትዬ ነጥብ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ባለሙያ ባደረባቸው ሕመም ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። መግለጫው ከቀብራቸው ስድስት ቀን ዘግይቶ የወጣው፣ ሥራ አመራሩ «አባል ላልሆነ ሰው የሐዘን መግለጫ ይወጣል ወይስ አይወጣም?» በሚል ሁለት ስብሰባ በመጨረሱ ነው። አባል ያልሆኑት ደግሞ እኛው ስላልተቀበልናቸው ነው።

እትዬ ነጥብ በታላቅ ወንድማቸው የልብስ ስፌት ሱቅ ጓዳ ቴሌቪዥን እየጠገኑ ይተዳደሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ «አይሠራም፣ ጣሉት» ብሎ የተወውን የቤት ኮምፒውተር ጠግነው ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ፕሮግራማቸውን በቴፕ ካሴት እየቀዱ ፊደላትን ነጥብ በነጥብ ስክሪን ላይ ሣሉ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ወንድማቸው ለደንበኞቻቸው «የሁለታችንም እንጀራ ቁልፍ ነው፤ እኔ እተክላለሁ፣ እሷ ትጫናለች» ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ለአባልነት አመለከቱ። ጸሐፊያችን «ማኅተም ያለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያምጡ» አሏቸው። «መሥሪያ ቤቴ የወንድሜ ጓዳ ነው። ማኅተም የለንም፤ መቀስ ከሆነ ግን ሞልቷል» ብለው መለሱ። ማመልከቻው «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። በ1988 እና በ1990 ዓ.ም. ደግመው አመለከቱ፤ እኛም ደግመን መለስን። ሦስቱንም ጊዜ ያው ማኅተም!

በ1992 ዓ.ም. በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ከተሰነጠቀ ጠርሙስ የወጣ ስባሪ በሕፃን ሽሮፕ ውስጥ ተገኘ። ሽሮፑ የተሰጣት ሕፃን ለጥቂት ተረፈች። ጠርሙሶቹን ቀኑን ሙሉ በብርሃን እያዩ የሚመረምሩት ስምንት ሴቶች ሊባረሩ ሆነ። ደንበኛቸው የነበረው የፋብሪካው መካኒክ እትዬ ነጥብን ጠራ። ከሴቶቹ ጎን ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ካሜራ ሰቀሉ፤ ምስሉን ነጥብ በነጥብ አንብቦ ስንጥቅ የሚለይ ፕሮግራምም ጻፉ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የውኃ ጠብታውን ሁሉ ስንጥቅ እያለ አስቸገረ። ሴቶቹ «ይሄ ጠብታ ነው፣ ይሄ ጭረት ነው፣ ይሄኛው ግን ስንጥቅ ነው» እያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ለዩላቸው። ሥራው ሲሳካ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ካሜራው ካለ ሴቶቹ ምን ይሠራሉ?» አሉ። እትዬ ነጥብም «እነሱ ከወጡ ካሜራዬን ነቅዬ እሄዳለሁ» አሉ። አንዲትም አልተባረረችም።

ማኅበሩ ዘግይቶ ሲነቃ የክብር ሽልማት አዘጋጀ፤ «ሥራ ይዣለሁ» ብለው ቀሩ። ስለ ፕሮግራሙ አሠራር አንድ ገጽ እንኳ እንዲጽፉልን ዓመታት ለመንናቸው፤ አልጻፉም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውም ቀላል ሰው አልነበሩም።

የዚህ መግለጫ ረቂቅ «ብቻቸውን የሠሩ» ይል ነበር። ትናንት ከስምንቱ ሴቶች አምስቱ ቢሯችን መጥተው አነበቡት። በዕድሜ የሚበልጡት «ማነው ብቻዋን ያለው? እኛ የት ሄደን?» ብለው እስክሪብቶ ተቀብለውን ሰረዙት።

ስለሆነም ማኅበሩ ለወንድማቸው፣ ለቤተሰባቸው፣ እንዲሁም የሥራ ባልደረቦቻቸው ለሆኑት ለስምንቱ የጠርሙስ መርማሪዎች መጽናናትን ይመኛል።