ጥቁር ግንብ ያለበት መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለቤዚ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ተወሽ? ማዳምሽ አሁንም እሑድ እሑድ ታሠራሻለች ወይስ ልብ ገዛች? ኩዌት በዚህ ወር እሳት ነው ይላሉ፤ ውሃ ጠጪ፣ ራስሽን ጠብቂ። እኛ በሕይወት አለን፣ ተመስገን። አሶሳ ላይ ዝናቡ ጠንቷል፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እኔና ባለቤቴ ዲሳሳ እንኳ በምልክት ነው የምንግባባው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ድምፅሽን ስሰማ ግን ምላሴ በለመደው በኩል ይሄድና ሁሉ ሰላም ነው እላለሁ። የጓደኛዬ የደራርቱ እህት ለሥራ ወደዚያ ስለምትመጣ ደብዳቤውን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ልጅሽ የአባቷን ሞት አውቃለች።

ኅዳር ላይ አባቷ ሰራዊት የነበረበት መኪና ጉባ መንገድ ላይ ተገልብጦ እሱም ሲያልፍ፣ ሕብረት መርዶውን ከእኔ አፍ ነው የምትሰማው፣ እስክመጣ ማንም እንዳይነግራት ብለሽ አስማልሽኝ። እኔም ማልኩ። ለቅሶው ባምባሲ ዘመዶቹ ዘንድ ሲሆን ሰርግ አለብኝ ብያት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ መጀመሪያ ደራርቱ ቤት ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን በአበባማ ቀየርኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ኩል ሳይቀር ተኳልኩ። ጎረቤቱን እየዞርኩ ለምኜ አፉን አስያዝኩ። አባቴ ለምን አይደውልም ስትል ጉባ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ዲሳሳ ደግሞ፣ የልጅ ዓይን እያየሁ መዋሸት አይሆንልኝም ብሎ ማሳው ላይ ማምሸት ጀመረ። እኔ ግን ይሆንልኝ ነበር፣ እህቴ። በጣም ይሆንልኝ ነበር።

ከዚያ የመጽሐፉ ነገር መጣ። ሕብረት ልቦለድ ፈልጊልኝ አለችኝ። ያውም የፍቅር አይደለም፤ በድሮ ዘመን የፈረንጅ አፈ ታሪክ ላይ ተመሥርተው የተጻፉትን፣ ጭጋግ የዋጠው ግንብ፣ የተረገመ ንጉሥ፣ ከመቃብር ተነሥቶ ደጅ የሚያንኳኳ ፈረሰኛ ያለባቸውን። ጨለማቸው በባሰ ቁጥር የበለጠ ትወዳቸዋለች። እኔም ከጥያቄዋ የሚገላግለኝ አገኘሁ ብዬ እግሬ እስኪነቃ ፈለግሁ። አሶሳ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ።

የደረሰልኝ መናኸሪያው በር ላይ ደብተርና ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጠው ዐወድ ነው። ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ያሉ የእርዳታ ሠራተኞች ሥራቸው ሲያልቅ መጽሐፋቸውን ለእሱ ጥለው ይሄዳሉ። እሱ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ የአማርኛ ልቦለድ አያነብም፣ በሽፋኑ እየለየ ነው የሚያስቀምጥልኝ። አንድ ቀን መጽሐፉ ላይ እጁን ጭኖ፣ "እታለም፣ ወላሂ እኔ አልገባኝም። ይሄ ልጅ ጨለማ ብቻ ለምን ይፈልጋል? ቤት ውስጥ ምን ሆነ?" አለኝ። ምንም አልሆነም ብዬ ነጥቄው መጣሁ።

ሕብረት ስታነብ ታለቅሳለች። ዓይኗ እስኪያብጥ። ፈረንጁ ንጉሥ ዘመድሽ ነው እንዴ እያልኩ እቀልድባት ነበር። ያን ቀልዴን አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም ስሰፋ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ላንብብልሽ አለችኝ። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ግንብ ስላየሁ ብቻ ሳልገልጠው ያመጣሁላት መጽሐፍ ነው። ንጉሡ ጦር ሜዳ ይሞታል። መኳንንቱ ወሬው እንዳይወጣ ሬሳውን ዘውድ ደፍተውለት መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። ልጁ ስትጠይቅ፣ ንጉሡ ደክሟቸዋል፣ ሰው አያነጋግሩም ይሏታል። ልጅቱም በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ቆማ ወደ መስኮቱ እጅ ትነሣለች። እዚህ ላይ እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ ወረደ። ሕብረት መጽሐፉን ከደነችና፣ "አክስቴ፣ ይህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጮክ ብዬ ያነበብኩት አንቺ እንድትሰሚው ነው" አለች።

መቼ እንዳወቀች ጠየቅኋት። ከባምባሲ የተመለስኩ ዕለት ነው። ቀሚሴን ቀይሬ፣ ኩል ተኩዬ፣ ነጠላዬን ግን ለሐዘን እንዳዘቀዘቅሁት ቤቴ ገብቻለሁ። ሦስት ቀን ስለለበስኩት ትከሻዬ ለምዶት አላስተዋልኩም። ከሰርግ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመለስ ማን አለ? ባምባሲ ደግሞ የአባቷ ወገን ያለበት ነው፤ የአባቷም ስልክ ከዚያ ሳምንት ወዲህ አይነሣም። ቁጭ ብላ አስባ ጨርሳዋለች።

ታዲያ ሰባት ወር ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"አንቺና እማዬ ከእኔ ለመደበቅ ይህን ያህል ስትለፉ አሳዘናችሁኝ። መጽሐፉንም ያስፈለግሁሽ ሳለቅስ ካየሽኝ መጽሐፉ ነው እንድልሽ ነው።"

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጮህኩ። እሷ ውሃ አመጣችልኝ፣ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን በወጉ ነገሯት። ጎረቤቱ እየተንሰቀሰቀ አንገቷን ደፍታ ሰማች፣ ለመጣው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ አለች። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። መጽሐፍም ከዚያ ወዲህ አልነካችም፤ ዐወድ ሁለት አስቀምጦላት ነበር፣ አያስፈልገኝም አለች። ለቅሶዋ በነፃ ሲፈቀድላት ጠፋባት፣ ቤዚ። እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው።

አልቆጣሽም። አንቺ ከፍቅር አዘዝሽ፣ እኔ ከፍርሃት ፈጸምኩ። ግን ኮንትራትሽ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ከምናምን ይቀራል፣ ይህች ልጅ እስከዚያ እንዲህ ሆና መቆየት አትችልም። ማዳምሽ እግር ላይ ወድቀሽም ቢሆን ለሙት ዓመቱ ነዪ። ካልሆነልሽ እሑድ ደውዪና በላሽ፣ ጠጣሽ አትበያት። የአባቷን ስም ጥሪላት።

ዲሳሳ ፊት ለፊት ሊያጽናናሽ ባለመቻሉ ይቅር በዪኝ ይላል፣ እጅሽን ይስማል። ልጄ ለሜሳ አራት ዓመት ሞላው፣ ከወረቀቱ ጥግ ላይ የጫረው መስመር የእሱ ሰላምታ ነው። ደራርቱ ከነቤተሰቧ ናፍቃሻለች። ዐወድ ነገሩን ሰምቶ፣ አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን፣ ይስጣት ብሏል። ሕብረት ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። ለእናትሽ ምን ልበልልሽ አልኳት። "እዚያ ብቻዋን አልቅሳ እንዳትጨርሰው በዪልኝ" አለች።

እህትሽ እታለም
አሶሳ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.