ግንዛቤ በስንት ርቀት ይተከላል?

ውድ ወንድም ጋሼ፦

ደኅንነትህን አልጠይቅም፤ ትናንት በአዳራሹ መድረክ ላይ፣ ከታሸገው ውኃ ጀርባ፣ ደኅና ሆነህ አይቼሃለሁ። ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልቆይ ብዬ ነበር፤ ችግኝ ግን አይቆይም።

«የወጣቶችን አስተያየት በግብርና ፖሊሲው ውስጥ ማካተት እንፈልጋለን፤ ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ» ያልኸኝ አንተ ነህ። አመንሁህ። የሽንኩርት ችግኛችን ከመደብ ወደ ማሳ መዛወር በሚገባው ሳምንት ሥራችንን ጥለን መጣን። የጠየቅነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቦዩ ዳር ጦሙን የሚያድረው የመንግሥት መሬት በኪራይ ይሰጠን። የፖሊሲውን ረቂቅ ደጋግሜ አንብቤው ስለ ነበር፣ «ወጣት» የሚለው ቃል ባለበት አንቀጽ ሁሉ «መሬት» የሚለው ቃል እንደሌለ ገጽ እየጠቀስሁ ተናገርሁ። አንተም ራስህን ነቀነቅህ። የተስማማህ መሰለኝ።

ከዚያ ማይክሮፎኑን ተቀብለህ አጠቃለልህ፦

«እንግዲህ ከወጣቶቹ የተረዳነው የግንዛቤ እጥረት መኖሩን ነው። በፖሊሲው ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይካተታል።»

ከኋላ የጮኸው ፓምፕ ጠጋኙ ጓደኛችን ነው፦ «ጋሼ፣ ይኼ ግንዛቤ በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው የሚተከለው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ግን «ቀልዱን ለሻይ ሰዓት እናቆየው» ብለህ አስጨበጨብኸን።

የምንጨብጠው መሬት ጠየቅን፤ ግንዛቤ አስጨበጣችሁን። ባዶውን ለቀረው እጃችንም ጭብጨባ አዘዛችሁለት!

ሌላ ሰው ቢሆን «ከማያውቅ ምን ይጠበቃል» ብዬ አልፈው ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ። አባታችን ሲያጠጣ በባዶ እግርህ ቦይ እየገባህ ውኃውን ከትልም ወደ ትልም ትመልስ የነበርኸው አንተ ነህ። የመጀመሪያውን መጽሐፌን የገዛህልኝ ሽንኩርት ሸጠህ ነው። ያ ልጅ ትናንት ከእኛ ጋር ቢቀመጥ ኖሮ፣ እሱንም ግንዛቤ ይጎድለዋል ትለው ነበር?

ችግኙ በመደቡ ላይ እየረዘመ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ራስ አይቋጥርም። ስለዚህ ከአባታችን በደረሰህ፣ ከቤታችን ጀርባ አረም በዋጠው ማሳህ ላይ ነገ ጧት መትከል እንጀምራለን። እናታችን «በሕግ አምላክ! የሰው ድርሻ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይነካል?» ብላ ተቆጥታኛለች። እውነቷን ነው። ደብዳቤውን በእጅህ የሚሰጥህ ፓምፕ ጠጋኙ ነው፤ መልስህንም ቆሞ ይቀበልሃል።

ይኸው ጠየቅሁህ። አስተያየትህ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ተክለን ስንጨርስ እናካትተዋለን።

የግንዛቤ እጥረት ያለባት
ታናሽ እህትህ